እሳቱን የለኮሰው ጸሐፊው ነው

ሰው በጻፈው ሲታሰር ሰምቻለሁ። በተናገረው ሲታሰርማ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለ አንድ ልቦለድ «አልጣመኝም» ብሎ ሐሳብ በመስጠቱ ለመታሰር አንድ ሐሙስ የቀረው ሰው ግን ከራሴ በቀር አላውቅም። ያውም በአንዲት ቃል! እኔ ደግሞ የአማርኛ መምህር ነኝ። «ቃል ስትመርጡ ተጠንቀቁ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እያልኩ ተማሪ ሳደነቁር የምውል ሰው ነኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከሚሴ ውስጥ ነው። ያኔ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው አውቶቡስ ቆሞ ተሳፋሪው እህል የሚቀምስባት፣ በገበያ ቀን ግመልና በሬ ከሰው እኩል መንገድ የሚጋፋባት ከተማ ነበረች። ሁሉ ነገር ይገኝባታል፤ የሚነበብ ነገር ብቻ የለም። የትምህርት ቤታችን መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት መጻሕፍት ሽፋናቸው ቀይ ነው። ውስጣቸው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ግን ከፍቶ ያየ ሰው ስለሌለ አይታወቅም።

አንድ ቀን ታዲያ አንድ ተሳፋሪ ዘሀራ ሻይ ቤት መጽሐፍ ረስቶ ሄደ። ዘሀራ መንገድ ዳር ሻይና ብስኩት የምትሸጥ፣ ከሻይዋ ይልቅ ምላሷ የሚያቃጥል ሴት ናት። መጽሐፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ሰጠችኝ። ሽፋኑ ላይ የሚነድ ቤት አለ፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል።

«መምህር፣ ይቺን እያትማ» አለችኝ። «ሀራም ነገር ካለባት ልጣላት፤ ከሌለባት አንብብልን።»

የመጽሐፉን ስም አልነግራችሁም። የጻፈው ሰው በሕይወት ካለ ከከሚሴ የደረሰበት ይበቃዋል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ በአንድ ከተማ የአንድ ሀብታም ነጋዴ መጋዘን ይቃጠላል። ማን አቃጠለው? ካፖርት የለበሰ መርማሪ ከአዲስ አበባ ይመጣና ከተማውን ያምሰዋል። ያላፈጠጠበት ሰው የለም። እያንዳንዱ ምዕራፍ ሊያልቅ ሲል በር ይንኳኳል፤ ማን እንዳንኳኳ ሳይነገረን ምዕራፉ ያልቃል። እኔም ማንነቱን ለማወቅ ወጥ እያሳረርኩ፣ የተማሪ ፈተና ሳላርም እያደርኩ አነበብኩት። በመጨረሻ እሳቱን የለኮሰው ማን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? የነጋዴው መንትያ ወንድም! እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ስሙ እንኳ ያልተነሣ፣ የወለደችው እናቱም የረሳችው የሚመስል መንትያ። መጽሐፉን ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። ከዚያ ደግሞ የሰው ንብረት መሆኑ ትዝ ሲለኝ አነሣሁት።

መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ከሚሴን ሐያሲ ሞላት። ማንበብ የማይችለው ሰምቶ፣ ያልሰማው የሰማውን ጠይቆ ይተቻል። አንድ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር መርማሪው ዳገቱን የወጣበትን ማርሽ አይቶ «በዚህ ማርሽ ያን ዳገት የወጣ መኪና ካለ እኔ ሾፌር አይደለሁም» እያለ ሲምል ሰነበተ። ስለ እሳቱ ምን ታስባለህ ብለን ብንጠይቀው «የምን እሳት?» አለን። ልብስ ሰፊው በበኩሉ «በዚህ ሙቀት ካፖርት ለብሶ የሚዞር ሰው ራሱ ነው መጠርጠር ያለበት» አለ። ዘሀራ ደግሞ መርማሪው መጽሐፉ ውስጥ ያለችን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ሳያገባ መሄዱ አናዷታል። «ቤቷ ቡና እየጠጣ፣ ሚስጥሯን እያወጣ፣ ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ ውልቅ! ይሄ ወንድ ነው?»

የሁሉንም ትችት ያስናቀው ግን ሐሰን ነው። ሐሰን ከጨፋ ሮቢት እህል ይዞ የሚመጣ፣ ንግግሩን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ የሚጨርስ ገበሬ ነው።

«መርማሪ ማለት ማል ጄቹዳ?» አለ። «ምን ማለት ነው? ቤት ተቃጠለ፤ አገሩን በሙሉ ዛፍ ሥር ሰብስቦ አውጫጭኝ መቀመጥ ነው። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ሰው ሲርበው ያወጣዋል። ከዚህ ሁሉ ሆድ ያልወጣውን አንድ ካፖርት ያወጣዋል?»

እኔ የተማርኩ ነኝና በሁሉም ሳቅኩባቸው። «ልቦለድ በዚህ አይመዘንም» ብዬ ስለ ሴራ፣ ስለ ግጭት፣ ስለ ልብ ሰቀላ ማብራራት ጀመርኩ። አንድ ሥጋ ሻጭ አቋረጠኝና «ልብማ አይሰቀልም፤ ከጉበት ጋር ነው የሚሸጠው» አለ። ንግግሬን በዚሁ አበቃሁ።

እዚህ ላይ አንድ የዘለልኩት ነገር አለ። ያን ሰሞን ከሚሴ የራሷም እሳት ነበራት። የቀበሌያችን የኅብረት ሱቅ ዓርብ ቀን፣ ሰው ሁሉ ጁምዓ ሰላት ላይ ሳለ ተቃጥሎ ነበር። ለረመዳን የተባለው ስኳር በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበረ። ጥፋተኛ ተብሎ የታሰረው የሱቁ ዘበኛ ጋሽ ይመር ነው፤ የዘሀራ ታላቅ ወንድም። ጫት እየቃመ የሲጋራ ቁራጭ ጥሎ ነው ተባለ። ጋሽ ይመር ሲጋራ አፉ ገብቶ አያውቅም። «ሂድ ስገድ፣ እኔ አለሁ ብሎ የላከኝ ራሱ ጓድ ጸሐፊ ነው» ብሎ ለያዙት ሁሉ ተናግሯል። የያዙት ግን የጓድ ጸሐፊ ሰዎች ነበሩ።

ጓድ ጸሐፊ የምንለው የቀበሌያችንን ጸሐፊ ነው። ሊቀመንበሩ ለማጨብጨቢያ ያህል የተቀመጠ ሲሆን ስኳሩም፣ ማኅተሙም፣ ሽጉጡም በጸሐፊው እጅ ነው። ስሙን መጥራት ስለማንደፍር ሁላችንም ጓድ ጸሐፊ ነበር የምንለው። እኔማ ዛሬም አልደፍርም።

እንግዲህ ከሚሴ የልቦለዱን መጋዘን ማን እንዳቃጠለው ቀኑን ሙሉ ስትከራከር ትውላለች፤ የራሷን ሱቅ ማን እንዳቃጠለው ግን የሚጠይቅ አንድ ሰው የለም። ስለ ልቦለድ መናገር አያሳስርም ብለን ነው። እኔንም እዚህ ስህተት ላይ የጣለኝ ይኸው እምነት ነው።

በዚያን ጊዜ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረ። መቅረት አይቻልም፤ መተኛት ግን ይቻላል፤ ሕዝቡም ይህችን መብቱን በሚገባ ይጠቀምባታል። ከአውራጃ አንድ ካድሬ ሊጎበኘን ይመጣል ሲባል ሊቀመንበሩ ተጨነቀ። «መምህር፣ ሰው የማያስተኛ ነገር ፈልግልኝ» አለኝ። «ያን የእሳት መጽሐፍ በአብዮታዊ መንገድ ብትተነትነውስ?» እኔ ታዲያ ይህን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከመድረክ ላይ ሆኜ ያን መንትያ ልበቀለው ነው!

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ካድሬው ከፊት፣ ጓድ ጸሐፊ ከጎኑ፣ ዘሀራና ሐሰን ከኋላ ተቀምጠዋል። ከአዳራሹ ግድግዳ ጀርባ የቀበሌው እስር ቤት ስለሆነ የጋሽ ይመር ሳል ይሰማናል። እኔ ግን በራሴ ድምፅ ስለሰከርኩ አልሰማውም። ታሪኩን ተረክሁ፣ ሴራውን በታተንኩ፣ በመጨረሻ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ እንዲህ አልኩ፦

«ጓዶች! አንጭበርበር። ይህን ሁሉ እሳት የለኮሰው ጸሐፊው ነው! ለኮሰው፤ ማጥፋት ግን አቃተው። ሲያቅተው ጊዜ ጥፋቱን ምንም በማያውቅ ሰው ላይ ላከከው!»

 ከግድግዳው ጀርባ አንድ ሳል ብቻ ተሰማ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «አላሁ አክበር!» አለና ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ሴቶች እልል አሉ። እኔ የዋሁ፣ ከሚሴ ውስጥ ለሥነ ጽሑፍ ሒስ እልል ሲባል የመጀመሪያው ነው ብዬ እንባዬ መጣ። እጅ ነሣሁ። በጭብጨባው ልቤ አብጦ ጨመርኩበት፦

«እንዲህ ያለ ጸሐፊ ከእንግዲህ ብዕር እንዳይዝ መከልከል አለበት!»

ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ካድሬው ራሱ እያጨበጨበ ነበር፤ ለአገሩ እንግዳ ነውና የተለኮሰው ምን እንደሆነ አልገባውም። ጓድ ጸሐፊ ግን አላጨበጨበም። ፊቱ እንደ አመድ ሆኖ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። የሥነ ጽሑፍ ፍቅር የሌለው ሰው ነው ብዬ አዘንኩለት።

ስወጣ ዘሀራ በር ላይ ጠብቃ እጄን ሳመችው። ታለቅስ ነበር።

«አላህ ይስጥህ መምህር! ከተማው ሁሉ አፉን ሲለጉም አንተ ተናገርክ። ወንድሜን አወጣኸው።»

«ማንን?»

«በል ተወው፣ አሁን ዝም እንበል» አለችና ጠቀሰችኝ።

የተናገርኩት ቃል በሙሉ አንድ በአንድ ተመልሶ በጆሮዬ ገባ። ጸሐፊው። ለኮሰው። በማያውቅ ሰው ላይ ላከከው። በአጠገቤ ይወጣ በነበረው በሐሰን ትከሻ ላይ ተደገፍኩ። ሐሰን ደግሞ ከጀግንነት ድካም መስሎት «አይዞህ፣ ጀግና!» ይለኛል።

በማግስቱ ጓድ ጸሐፊ ቢሮ ተጠራሁ። መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ሽጉጡን ከላዩ አስቀመጠበት፤ ንፋስ እንዳይወስደው የፈራ ይመስላል።

«ስለ እኔ የምታውቀው ነገር ምንድን ነው?» አለኝ።

«ምንም አላውቅም፣ ጓድ ጸሐፊ። ጸሐፊው ያልኩት መጽሐፉን የጻፈውን ነው።»

«መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው በአማርኛ ምን ይባላል? አንተ መምህር ነህ።»

«ደራሲ» አልኩ።

«ታዲያ ደራሲ ለምን አላልክም?»

እውነቱን ተናገርኩ፤ ስህተቴ እሱ ነው። «ደራሲ ለማለት ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። ደራሲ የክብር ስም ነው። ያን መንትያ ከሰማይ ያወረደ ሰው እንዲያው ዝም ብሎ ጸሐፊ ነው እንጂ…»

«እንዲያው ዝም ብሎ?» አለ ከወንበሩ እየተነሣ። «ጸሐፊ የስድብ ስም ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! ጸሐፊ እኮ… ጸሐፊ ማለት ትልቅ…»

«ትልቅ ከሆነ ያን ሰውዬ ስለምን ጸሐፊ አልከው?»

ሰዋስው አስተማሪ ሆኜ ስኖር እንደዚህ ያለ ጥያቄ ገጥሞኝ አያውቅም። በየትም ብወጣ ገደል ነው። ጓድ ጸሐፊም መላ ቅጡ እንደጠፋኝ ሲያይ ፍርዱን ሰጠኝ። በሚቀጥለው የውይይት ክበብ፣ ያው ካድሬ ባለበት፣ ግለ ሂስ አደርጋለሁ። ንግግሬን አስተካክላለሁ። በዚያውም ሱቁ የተቃጠለው በይመር ቸልተኝነት መሆኑን ለሕዝቡ እናገራለሁ። «ይመር ከዚያ በኋላ ደሴ ይላካል» አለኝ። «ብቻውን መሄዱ ወይም አብሮት የሚሄድ ማግኘቱ በአንተ ምላስ ነው።»

ያን ሳምንት እንዴት እንደከረምኩ አትጠይቁኝ። ሥጋ ሻጩ ከጀርባ ቆርጦ ይሰጠኛል፤ ከሥጋ ቤቱ ፊት ለፊት እንዳልቆም ግን ይለምነኛል። ልብስ ሰፊው ለሱሪዬ ዋጋ አልቀበልም አለ፤ በጎኔ ካለፈ ግን አያውቀኝም። ጀግና መሆን እንዲህ ነው፤ ሁሉም ያደንቅሃል፣ ከጎንህ የሚቆም ግን የለም። ዘሀራ ብቻ ሻይ እየቀዳች ታስቀምጠኛለች። ስኳር ስለሌለ በጨው ነው።

«ዘሀራ፣ እኔ እኮ የተናገርኩት ስለ መጽሐፉ ነው» አልኳት።

«አዎ፣ አዎ፣ ስለ መጽሐፉ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«በእውነት!»

«እኔስ መች ሌላ አልኩ? ብቻ ያልከውን እንዳታጥፈው፤ በነቢ ይዤሃለሁ። ወንድሜ ደሴ ከሄደ አይመለስም።»

ቀኑ ደረሰ። ካድሬው ባለፈው ውይይት በጣም ስለረካ ከአውራጃው ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጥቷል። ተነሣሁ። 

«ጓዶች፣ ባለፈው እሳቱን የለኮሰው ጸሐፊው ነው ያልኩት…» ስል ቤቱ በጭብጨባ አቋረጠኝ። «ጸሐፊ ስል የመጽሐፉን ጸሐፊ ማለቴ ነው!»

«ዱጋዳ!» አለ ሐሰን ከኋላ። «እውነት ነው! ገብቶናል፣ የመጽሐፉን በለው!»

ሳቅ ሆነ። እኔ ስምል እነሱ ይጠቃቀሳሉ። «በእናቴ አጥንት ሌላ ጸሐፊ አላልኩም» ስል እልልታው ጣራ ነካ። የቀረችኝ ስለ ጋሽ ይመር የምናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አፌን ከፈትኩ። ከግድግዳው ጀርባ ያ ሳል መጣ። በዚህኛው ቀን በደንብ ሰማሁት። ዓረፍተ ነገሯ አልወጣ አለችኝ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ፍርሃቱም ነበረ፤ ነገር ግን ማፈርም ነበረበት።

እኔ እንደ ሐውልት ተገትሬ ስቀር ጓድ ጸሐፊ ትዕግስቱ አለቀ። ከመጽሐፉ የሚፈራው ነገር እንደሌለ ለካድሬዎቹ ማሳየት አለበት። ገፋ አድርጎኝ መድረኩን ያዘ፤ መጽሐፉንም አውጥቶ ወደ ላይ አነሣው።

«እኔም አንብቤዋለሁ» አለ። «መምህሩ ስለ መንትያ ይጮኻል። የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ግን መንትያው አይደለም። ደራሲው ከተግባር የራቀ መሆኑ ነው! እዚህ ላይ እዩት። ሰውየው ጆንያው ላይ ላምባ አርከፈከፈ፣ ክብሪት ጫረ፣ ወዲያው ነደደና ሸሚዙ ተቃጠለ ይላል። ውሸት ነው! ላምባ ጆንያ ላይ እንዲህ አይቸኩልም። መጀመሪያ ጭሱ ነው የሚመጣው። ሰው ተረጋግቶ በሩን ቆልፎ፣ መንገድ ተሻግሮ፣ ሌላ ሥራ ይዞ ሊታይ ይችላል።»

እውነት እላችኋለሁ፣ ስለዚያ መጽሐፍ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ በዕውቀት ላይ የተመሠረተው ይኸኛው ብቻ ነበር። እኔ ራሴ በአድናቆት ራሴን እየነቀነቅሁ ነው። ካድሬው ማስታወሻ ይይዛል። ይህን ጊዜ ዘሀራ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ጓድ ጸሐፊ፣ እኛ መሃይም ነን፣ ያርሙን። እንዲህ የሚሆነው ባዶ ጆንያ ነው ወይስ ስኳር ያለበት?»

«ባዶው ነው እንጂ!» አለ ጓድ ጸሐፊ፣ ደደብ ተማሪ እንደገጠመው መምህር እየተሰላቸ። «ስኳር ያለበት ቢሆንማ ሽታው ጨፋ ድረስ ይሄድ ነበር።»



ሕዝቡ በሙሉ ያን ዓርብ ያስታውሳል። ጭስ ሸቷል፣ እንጨት ሸቷል፣ ላስቲክ ሸቷል። የስኳር ሽታ የሰማ አፍንጫ ግን ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ አልነበረም። የረመዳኑ ስኳር ሱቁ ገና ሳይቃጠል ሌላ ቦታ ሄዷል። ጓድ ጸሐፊ ወደ ላይ ያነሣውን መጽሐፍ ቀስ ብሎ አወረደው። ካድሬው ጽሕፈቱን አቁሞ ከመነጽሩ በላይ አየው።

«አውጫጭኝ አልኳችሁ እኮ» አለ ሐሰን ቀስ ብሎ።

አሁን ሰውየው ታሰረ፣ ተፈረደበት እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ያ በልቦለድ ነው። በአብዮቱ ጊዜ ባለሥልጣን ሲያጠፋ ይዛወራል። ጓድ ጸሐፊ «ለከፍተኛ ኃላፊነት» ተብሎ ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ እኛንም አሰለፉንና በጭብጨባ ሸኘነው። እኔ ልቦለድ የሚባል ነገር ወደ ውይይት ክበብ እንዳላመጣ ተነገረኝ። ጋሽ ይመር በማስጠንቀቂያ ተፈታ። ማስጠንቀቂያው ለሁለተኛ ጊዜ ሱቅ እንዳያቃጥል ነው።

በተፈታ ሰሞን ዘሀራ ሻይ ቤት ተገናኘን። ከስቷል፤ ሳሉም አልለቀቀውም። የሾፌሩ፣ የልብስ ሰፊው፣ የሥጋ ሻጩ ክርክር ገና አልበረደም። መጽሐፉን ከጓድ ጸሐፊ መሳቢያ አውጥተው መልሰውልኝ ስለነበር «ያወጣህ ይሄ ነው» ብዬ አሳየሁት። ጋሽ ይመር ማንበብ አይችልም፤ ሽፋኑን በመዳፉ ዳሰሰው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» አለ።

ነገርኩት። መጋዘኑ ተቃጠለ፣ ካፖርት የለበሰው መርማሪ መጣ፣ አልኩት። እጁን አነሣና አስቆመኝ።

«መጋዘኑ ዘበኛ አልነበረውም?»

«ነበረው።»

«ምን አደረጉት?»

«መርማሪው እንደመጣ አሰረው።»

«መቼ ፈቱት?»

ከፍቼ ፈለግሁ። ሾፌሩም መጥቶ ከትከሻዬ በላይ ያያል። ገጽ በገጽ አገላበጥኩት። መርማሪው ሲጋራውን ያጨሳል፣ በሮቹ ይንኳኳሉ፣ መንትያው ይመጣል፣ ነጋዴው ይካሳል። ዘበኛው ገና መጀመሪያ ላይ እጁን ታስሮ ወደ እስር ቤት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ በሙሉው መጽሐፍ ውስጥ ስሙ አልተነሣም። የጻፈው ረስቶታል። እኔ ከግድግዳ ጋር ያላተምኩት፣ ጓድ ጸሐፊ እስከ ላምባው ጠረን ድረስ የመረመረው፣ ከተማው ሁሉ ሲተቸው የከረመው መጽሐፍ ነው፤ አንዳችንም ልብ አላልነውም። 

«አልፈቱትም» አልኩት።

ጋሽ ይመር ሁላችንንም በተራ አየን። መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ በቀስታ ዘጋው፤ ዘግቶትም ምን እንደሠራ የገባው ይመስል ወዲያው መልሶ ከፈተው።

«ታዲያ አሁንም እዚያው ነዋ!» አለ።